«ኮሃውን ልጅ ጥሩት!»

ሰርቨሩ ያለው ከጄኔሬተሩ ክፍል ጋር በሚያዋስነው ግድግዳ ጥግ ነው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ግድግዳው ይርዳል፣ ማሽኑም አብሮ ይርዳል። ከላዩ አበባ የታተመበት የጠረጴዛ ልብስ ተደርቦለታል፤ አቧራ እንዳይገባበት ብለው ያለበሱት የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው። የአየር መውጫውን ስለሚዘጋው እገፈዋለሁ፤ በማግስቱ ታጥቦ ተመልሶ አገኘዋለሁ። ሁለታችንም የምንደክመው ማሽኑን ለማዳን ስለሆነ ተጣልተን አናውቅም።

በዚያ ጨርቅ ሥር የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሙሉ ሒሳብ አለ። የትኛው መጽሐፍ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ፣ ማን እንደተዋሰው፣ ማን ሳይመልስ ሊመረቅ እንዳሰበ የሚያውቀው እሱ ነው። ሰኔ ላይ ተመራቂዎች ክሊራንስ ለማስፈረም ሲሰለፉ፣ ሰልፉ የሚሄደውም የሚቆመውም በዚህ ማሽን ነው። ሲቆም ደግሞ ከሰርኩሌሽን (ከማዋሻው ክፍል) መስኮት የሚወጣው ድምፅ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ኮሃውን ልጅ ጥሩት!»

የኮሃው ልጅ እኔ ነበርኩ። ፀጉሬ ሸብቶም ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ሹክ የምላችሁ የቤቱን ገመና ስለሆነ የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም፤ የእኔንም አትጠይቁኝ።

ኮሃ የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። ኦፕን ሶርስ ነው፤ ኮዱ ክፍት ስለሆነ የፈለገ አውርዶ ይጭነዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ለሌላው ያካፍለዋል። አገራችን ውስጥም የሚሠሩበት ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂት አይደሉም። የተወለደው ኒውዚላንድ ውስጥ ሌቪን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በ1999 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የራሳችንን ዘመን ስጠራ እነግራችኋለሁ) የከተማዋን ቤተ መጻሕፍት የሚያስተዳድረው የሆሮዌኑዋ ላይብረሪ ትረስት ያረጀው ሲስተሙ ዓመተ ምሕረቱ ወደ 2000 ሲዞር እንደሚወድቅ ታወቀው። ሌላ ከመግዛት ይልቅ ካቲፖ ኮሙኒኬሽንስ የተባለ ትንሽ ኩባንያ ቀጥሮ አዲስ አሠራ፤ ጥር 2000 ላይ ሥራ አስጀመረው። ከዚያም ኮዱን ለዓለም ለቀቁት። አንዲት ትንሽ ከተማ ብቻዋን የምትቀልበው ሶፍትዌር ዕድሜው አጭር እንደሚሆን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

«ኮሃ» የማኦሪ ቃል ነው፤ ስጦታ ማለት ነው። ዝም ብሎ ስጦታ ግን አይደለም። እንግዳ ወደ ማኦሪዎች የመሰብሰቢያ ስፍራ ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ነው፤ የተቀበለውም በተራው ሲሄድ ይዞ ይሄዳል። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። ደቦና ወንፈል አንድ አይደሉም። ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ጠምቆ ያበላል፣ ያጠጣል፤ ውለታው ከሞላ ጎደል በዚያው ይዘጋል። ወንፈል ግን ቀን በቀን ነው፤ ዛሬ የእኔን ማሳ አርመህልኝ ነገ ያንተ ማሳ ላይ ካልተገኘሁ በሚቀጥለው ክረምት ብቻዬን ነኝ። ኮሃ ወንፈል ነው። እኛ ቤት የገባው ግን እንደ ምጽዋት ነበር፤ በየስልጠናው የሚታየው የመጀመሪያው ስላይድ በትልልቅ ፊደል «ነፃ!» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ተራ የሚያነሳ የለም።

ይህ ዓመል የቆየ ነው። ከኮሃ በፊት ብዙዎቻችን የሠራነው በዩኔስኮው ሲዲኤስ አይሲስ ነው፤ ለማይክሮ ኮምፒውተር የተሠራው በ1985 ወጣ፣ በኋላ ዊንአይሲስ ተከተለ። ዩኔስኮ በነፃ ያድል ነበር፤ እኛም እጅ ነስተን እንቀበል ነበር። ኮዱን ከፍቶ ማስተካከል ግን በእጃችን አልነበረም፤ የሚመጣውን መጠበቅ ብቻ ነበር። ስለዚህ «ነፃ» ሲባል ጆሯችን የሚሰማው ዋጋውን ነው፤ ከፍተህ ጠግነው ማለት መሆኑ እስከ ዛሬም በደንብ አልሰረጸብንም።

ምን ያህል እንዳልሰረጸብን ያየሁት ግዥ ክፍል ነው። አንድ ዓመት ለሰርቨሩ ትርፍ ዲስክና ለሁለት ሰው ስልጠና በጀት ጠየቅሁ። የግዥው ኃላፊ ወረቀቱን ወደ መነጽራቸው አስጠጉ።

«ለዚህ ለኮሃ የምትሉት ነው?»

«አዎን።»

«ዋጋው ስንት ነው?»

«እሱ እንኳ ነፃ ነው፣ ጋሼ።»

«ነፃ ከሆነ ብር ለምንህ ነው?»

ማሽን፣ መብራት፣ ሰው ብዬ አስረዳሁ። አዳመጡኝ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። በመጨረሻ «እንግዲያውስ ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ» አሉኝ። ነፃ ነገር ከሚሸጡ ሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ፍለጋ ከተማውን ስዞር ይታያችሁ! በዚያው ዓመት ሰኔ 30 ሳይደርስ ማለቅ ያለበት ገንዘብ ተገኘና ማንም ያልጠየቀው ትልቅ ፎቶ ኮፒ ማሽን ተገዛ። ፎቶ ኮፒ ማሽን ዋጋ አለው፣ ደረሰኝ አለው፣ የንብረት ቁጥር ይለጠፍበታል። ኮሃ የሚለጠፍበት ገላ የለውም።

የንብረት ቁጥር የሌለው ነገር ደግሞ ርክክብም የለውም። ከእኔ በፊት የነበረው የኮሃ ልጅ ጎበዝ ነበር፤ በራሱ እየተማረ ሁሉን ያቆመው እሱ ነው። አንድ አርብ ቀን ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ሰኞ ባንክ ገባ። እናንተም ብትሆኑ ትገቡ ነበር፤ ደመወዙን ሰምቼዋለሁ። የሰርቨሩን ዋና የይለፍ ቃል ማን እንደያዘ የተጠየቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሲስተሙ ሲቆም ነው። ስልክ ብንደውል አያነሳም፤ ስልጠና ላይ ነው። በመጨረሻ መልእክት ላከልን፦ «የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት፣ የመጨረሻው ልባስ ውስጥ።» ሄደን ከፈትነው፤ በእርሳስ ተጽፏል። ቢያንስ የማይዋስ መጽሐፍ መርጧል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እኛ ቤት ሃምሳውም ሎሚ በአንድ ልጅ ኪስ ውስጥ ነበር።

እስካሁን ሌላውን ሰው ነው የከሰስሁት። አሁን ወደ ራሴ።

አንድ ቀን አንድ አረጋዊ መምህር መስኮቱ ላይ ቆመው «ፍቅር እስከ መቃብር የላችሁም?» አሉ። ስድስት ቅጂ አለን። ኮምፒውተሩ ግን በደራሲው ስም ሲፈልጉት «ምንም አልተገኘም» ብሏቸዋል። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፤ እሳቸው «ሀዲስ አለማየሁ» ብለው ጻፉ፣ ካታሎገሯ ደግሞ «ሐዲስ ዓለማየሁ» ብላ መዝግባለች። ለእኛ ጆሮ አንድ ነው፤ ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በዚያ ምሽት ወረቀት ይዤ ቆጠርሁ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኃ ስድስት፤ ስ እና ሥ ሁለት፤ አ፣ ዐ፣ ኣ፣ ዓ አራት፤ መጨረሻ ላይ ሁ፣ ሑ፣ ኁ ሦስት። ሲባዛ 144። ሐዲስ ዓለማየሁን ለመጻፍ 144 መንገድ አለ፤ ከነዚህ 143ቱ መጽሐፉን ይደብቁታል።

ኮሃ ዜብራ በሚባል የፍለጋ ሞተር ሊሠራ ይችላል። ዜብራ ከመጀመሪያው የሚዘጋጀው ለላቲን ፊደል ነው፤ ለእኛ ፊደል እንዲመች አይሲዩ ወደሚባለው አሠራር ማዞር፣ ከዚያ አንዲት የደንብ ፋይል ከፍቶ «ሐን ስታይ ሀ በል፣ ሠን ስታይ ሰ በል» የሚል መስመር በመስመር መጻፍ ነው። ጻፍሁ። ካታሎጉን እንደገና አስጠቆምሁት፤ ሌሊቱን ሲሠራ አደረ። ጠዋት «ሀዲስ አለማየሁ» ብዬ ስጽፍ ስድስቱም ቅጂ ከተፍ አለ። መምህሩን ደውዬ ጠራኋቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተመረቅሁበት ጊዜ የለም።

ጥፋቴ ከዚህ በኋላ ነው። መስመሮቹን ለማንም አላሳየሁም። ዋናውን ኮሃ ለሚሠሩት አልላክሁም፣ ለሌላ ዩኒቨርሲቲ አልነገርሁም፣ ወረቀት ላይ እንኳ አላሰፈርሁም። ሥራዬ አልቋል፣ መስኮቱ ጸጥ ብሏል። ከዓመት በኋላ እኔ ፈቃድ ላይ ሳለሁ ማሻሻያ ተጫነ። ሲጫን ማሽኑ «ይህን ፋይል አንተ ነክተኸዋል፤ ያንተን ልተው ወይስ አዲሱን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። ተክቶኝ የነበረው ልጅ አዲስ ነገር ጥሩ ነው ብሎ «አዲሱን» አለ። ስድስቱም ቅጂ ተመልሶ ተደበቀ። እንደገና ጻፍሁት። ሁለት ጊዜ!

ዋናው ጉድ ገና ነው። አንድ ስልጠና ላይ በሻይ ሰዓት ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ከመጣ ባልደረባ ጋር ስናወጋ ስለ ሀና ሐ ተነሳ። «እኔ ፈትቼዋለሁ» አለ። «እኔም» አልሁ። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ፤ መስመሮቹ ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። ለሦስት ዓመት ያህል ሁለታችን በሁለት ከተማ አንድ ዓይነት ቁልፍ ለየብቻ ስንቀጠቅጥ ኖረናል። ሳንቡሳችንን ይዘን ተያየን። ሦስተኛና አራተኛ ቀጥቃጭ እንዳለ አልጠራጠርም።

የእኛ ችግር ፊደል ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ዓለማየሁ የሐዲስ አባት ናቸው። የካታሎግ ደንቡ ይህን ያውቃል፤ የደራሲውን ስም የሚይዘው 100 ቁጥር መስክ ፊቱ ላይ 0 ከተጻፈ ስሙ እንዳለ ይቀራል፣ 1 ከተጻፈ ተገልብጦ የሚጀምረው በቤተሰብ ስም ነው። ከውጭ የሚመጡ መዝገቦችን ስንቀዳ 1 አብሮ ይመጣና አባትን ደራሲ፣ ልጅን ቅጥያ ያደርጋል። ዘመኑም እንዲሁ ነው። ፍቅር እስከ መቃብር የወጣው በእኛ 1958 ዓ.ም. ነው፤ ማሽኑ 1958ን እንደ ፈረንጅ ይወስደውና በ1960 ለንደን ከታተመ መጽሐፍ ፊት ያሰልፈዋል፣ በእርግጥ ግን ከኋላው ነው የመጣው። ጳጉሜን ደግሞ ኮሃ ጨርሶ አያውቃትም። ጳጉሜን 3 መልስ የተባለ ተማሪ ደረሰኙ ላይ የመስከረም ፈረንጅኛ ቀን ሲያይ አሥር ቀን ያህል የተጨመረለት መስሎት ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ከዚያ ቅጣት።

እነዚህን ነገሮች ኒውዚላንድ ወይም ፈረንሳይ ያለ ፕሮግራመር ከየት ያመጣቸዋል? ካልነገርነው አያውቅም። ካወቀም እኛ ካልሞከርንለት ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ አይችልም።

እዚህ ላይ ጠጋ በሉ፤ ከውጭ ለሚያይ የማይገለጥ ነገር አለ። ሁሉም ሰው ኦፕን ሶርስ የሚጎድለው ኮድ ጸሐፊ ይመስለዋል። ኮሃን ከቅርብ ስታዩት የሚጎድለው ሞካሪ ነው። አንድ ሰው ማስተካከያ ጽፎ ሲያቀርብ ራሱ አያጸድቀውም። ሌላ ሰው ጭኖ፣ ሞክሮ፣ «በትክክል ይሠራል» ብሎ በስሙ መፈረም አለበት። ከዚያ የጥራት ቡድኑ ደግሞ ያየዋል። ከዚያ በኋላ ነው ለዚያ ዙር የተመረጠው የእትም ኃላፊ ወደ ዋናው የሚያስገባው። አዲስ እትም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ግንቦትና ኅዳር አካባቢ ይወጣል፤ ስሙም ዓመቱና ወሩ ነው፣ 22.11 ከተባለ የ2022 ኅዳር ማለት ነው። የመጀመሪያውን ፊርማ የሚጠብቁ ማስተካከያዎች ሰልፍ አላቸው፤ እንደ ሰኔው የክሊራንስ ሰልፍ ነው። ብዙ የጠበቀ ማስተካከያ ሥሩ ያለው ኮድ ይቀየርበትና «አልገጥምም» ይላል፤ ጸሐፊው እንደገና ይሠራዋል ወይም ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ሥራ እንዲህ ነው የሚሞተው፦ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ፣ በር ላይ ቆሞ።

ይህን ፊርማ ለመስጠት ደግሞ ፕሮግራመር መሆን አይጠበቅም። ለሙከራ ብቻ የሚነሳ ጊዜያዊ ኮሃ አለ፤ በብሮውዘር ትከፍቱታላችሁ፣ ማስተካከያውን ይጭንላችኋል፣ የተጻፈውን የሙከራ ቅደም ተከተል ትከተላላችሁ። መጽሐፍ አዋሱ፣ መልሱ፣ ቅጣቱ ትክክል ነው? ይኸው ነው። ከሁሉ በላይ የሚችሉት የሰርኩሌሽን ሠራተኞች ናቸው፤ ሲስተሙ የት ላይ እንደሚያነክስ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እኔ የመጀመሪያ ፊርማዬን ስሰጥ ከሃያ ደቂቃ በላይ አልፈጀብኝም፤ የማዋሻ ደረሰኝ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች። ያንን ሃያ ደቂቃ ለማግኘት ስንት ዓመት እንደወሰደብኝ ግን ባልናገረው ይሻለኛል።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ከመንግሥት ምጽዋት እንዳይመስላችሁ። ኮሃን ለመደገፍ የሚያስከፍሉ ኩባንያዎች አሉ፤ አሜሪካ ባይዎተር ሶሉሽንስ፣ ፈረንሳይ ቢብሊብር፣ ኒውዚላንድ ካታሊስት። አንድ ቤተ መጻሕፍት ይህ ነገር ይሠራልኝ ብሎ ይከፍላል፤ የተሠራው ግን ለሁላችን ይገባል። እኛ ዛሬ የምንጠቀምበትን አንድ ቁልፍ ስማችንን ሰምቶ የማያውቅ የገጠር ቤተ መጻሕፍት ከፍሎበት ሊሆን ይችላል። በጆርጂያ ግዛት ያሉት ከ250 በላይ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2006 ኤቨርግሪን የተባለውን የራሳቸውን ሲያስነሱ የከፈለው የግዛቱ የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ነበር፤ ቆየት ብሎ ከሠሩት ሰዎች ኤኩኖክስ የሚባል የድጋፍ ኩባንያ ወጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማኅደር የቆመበት ዲስፔስ ደግሞ በ2002 ኤምአይቲና ኤችፒ አብረው የሠሩት ነው፤ ዛሬ ቤቱ ሊራሲስ የተባለ ድርጅት ሲሆን አባላት መዋጮ ይከፍላሉ። መንገዱ ይለያይ እንጂ የሚከፍል ሰው የሌለበት አንድም የለም።

ስለ ኩባንያ ካነሳሁ አይቀር፣ በኮሃ ሰፈር ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚወራውን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ግን በአደባባይ የታወቀ ነው። ኦሃዮ ላይ የተቋቋመው ሊብላይም በ2007 የካቲፖን የኮሃ ክፍል ገዛ። በዚያ ጊዜ የኮሃ ዋና የኢንተርኔት አድራሻ በእሱ እጅ ነበር፤ ማንም ቅር አላለውም፣ የቤት ልጅ ነበርና። በ2009 ሊብላይም ለደንበኞቹ የራሱን የተለየ ቅጂ እንደሚያዘጋጅ አስታወቀ፤ በ2010 ራሱ ፒቲኤፍኤስ በተባለ ኩባንያ ተገዛ። የኮሃ ማኅበረሰብ ጠዋት ሲነሳ የገዛ ቤቱ ቁልፍ በሌላ ሰው ኪስ ነው። ማድረግ የቻለው አንድ ነገር ነበር፤ አዲስ አድራሻ ከፍቶ ዕቃውን ይዞ ወጣ። በ2011 ደግሞ «ኮሃ» የሚለው ስም ራሱ ኒውዚላንድ ውስጥ ለፒቲኤፍኤስ በንግድ ምልክትነት ሊመዘገብ መሆኑ ተሰማ። ስሙን የሰጡት፣ ሶፍትዌሩን የወለዱት የሌቪን ሰዎች ተቃውሞ ለማቅረብ የዓለምን ርዳታ ጠየቁ፤ ሰዉም ከየአገሩ አዋጣ። ክርክሩ ተጓትቶ በ2013 መጨረሻ ማመልከቻው ውድቅ ሆነ።

ይህን ወሬ መጀመሪያ ስሰማ ፈገግ አልሁ። ኋላ ላይ የመዝገበ ቃላቱ ልባስ ትዝ ሲለኝ ፈገግታው ጠፋ። እነሱ አድራሻውን ለአንድ ኩባንያ ትተው ነበር፤ እኛ የይለፍ ቃሉን ለአንድ እርሳስ።

አማርኛው ላይ ልቆይ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው። ኮሃ አማርኛ አለው፤ ከሌሎቹ ቋንቋዎች ጎን ይተረጎማል፣ ማንም መሳተፍ ይችላል። እኛ ቤት አንድ ክረምት ለትርጉም ተቀመጥን፦ እኔ፣ ሁለት ካታሎገሮች፣ ከሰርኩሌሽን አንዲት እኅት፣ አንድ የተግባር ልምምድ ተማሪ። የተማሪው ረቂቅ ላይ ያልመለሰ ተዋሽ የሚከፍለው «ፋይን» በሙሉ «ደህና» ሆኖ አገኘነው። «የተጠራቀመ ደህና፦ 45 ብር» ይላል። እስክናለቅስ ሳቅን። ቅጣት ብለን አስተካከልነው። ከዚያ ግን ሳቁ ቆመ፤ ተጠቃሚውን ማን እንበለው? ካታሎገሮቹ «አንባቢ» አሉ። የሰርኩሌሽኗ እኅት «ስንቱ ሳያነብ ይመልሳል፣ ተዋሽ በሉት» አለች። እኔ «ተገልጋይ» አልሁ፤ የቀበሌ ይመስላል ተብዬ ተረታሁ። መጽሐፉ በሌላ ሰው እጅ ሳለ ቀድሞ ስሙን ለሚያስመዘግብ «ማስያዝ» የሚለውን ለማግኘት አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀን፤ «ወረፋ» የሚለው ተሸነፈ፣ አሁንም ይቆጨኛል። ከምሳ በኋላ አበል አለ ወይ ብሎ የጠየቀ ነበር። አልነበረም። በማግስቱ ከአምስታችን ሦስታችን መጣን።

ሦስት ሰው ለአንድ ቋንቋ ጥቂት ነው። ቢሆንም አዲሱ እትም ሲጫን እነዚያ ቃላት አብረው ይመጣሉ፤ የደንብ ፋይሌ እንደጠፋው አይጠፉም፤ ማንም «አዲሱን» ብሎ ሊደመስሳቸው አይችልም፣ አዲሱ ውስጥ ናቸውና። ልዩነቱ የገባኝ ያኔ ነው። በሰርቨሬ ያስቀመጥሁት በእኔ ዕድሜ ይለካል፤ የላክሁት ግን በእኔ ዕድሜ አይለካም።

ባክአፕን ሳልናገር እንዳልሄድ። ኮሃ እንደሚጫንበት መንገድ ቢሆንም፣ እኛ ዘንድ በተለመደው አጫጫን በየቀኑ የመረጃውን ቅጂ በራሱ ያስቀምጣል። ኃላፊዎች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ቅጂው የሚቀመጠው እዚያው ማሽን ላይ መሆኑንና ካልተነገረው የሁለት ቀን ብቻ እንደሚይዝ ግን የሚነግራቸው የለም። የማሽኑ ዲስክ ከሞተ ዋናውም ቅጂውም በአንድ ቀብር ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት አንብቤ አይደለም። ጄኔሬተሩ በአንድ ዝናባማ ቀን ሲነሳ ዲስኩ እንደ ቡና ወፍጮ ጮኸና ዝም አለ። ያዳነን ከዚያ አምስት ወር በፊት ለሙከራ ብዬ ላፕቶፔ ላይ ያስቀመጥሁት ቅጂ ነው። የአምስት ወር ውሰትና መልስ ጠፋ። ለዚያ ዓመት ተመራቂዎች ያለ ጥያቄ ክሊራንስ ተሰጠ፤ ደግ መሥሪያ ቤት ተባልን።

ከዚያ በኋላ ግዥ ክፍል ስሄድ «ኮሃ» የሚለውን ቃል አላነሳሁም። «የሰርቨር መለዋወጫ» አልሁ። ሦስት ፕሮፎርማ አመጣሁ፤ ዲስክ ሻጭ ሞልቷል። ሁለት ተንቀሳቃሽ ዲስኮች ተገዙ፣ የንብረት ቁጥር ተለጠፈባቸው። ጋሼ ፈርመው ሲሰጡኝ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «ያው ያ ነፃው ነገር ነው አይደል?» አሉኝ። ዝም አልሁ። እሳቸውም ዝም አሉ።

አሁን የኮሃው ልጅ ሌላ ነው፤ ከእኔ ይፈጥናል። አርብ አርብ ቅጂውን በአንዱ ዲስክ ይቀዳና ግቢውን አቋርጦ ወደ ብርቅ መጻሕፍት ክፍል ይወስደዋል። እዚያ ያሉት እትዬ የብራና መጻሕፍቱን ቁልፍ በአንገታቸው ነው የሚያንጠለጥሉት። ዲስኩን ተቀብለው ፊርማ ያስፈርሙታል፣ ያለፈውን ሳምንት ይመልሱለታል፣ አዲሱን ከብራናዎቹ ጋር ይቆልፉበታል። ውስጡ ምን እንዳለ አንድ ቀን ጠይቀውኝ «ካታሎጉ በሙሉ» ስላቸው ዲስኩን በመዳፋቸው መዘን አድርገው «ይቺ?» አሉ። ባለፈው አርብ ልጁ ዘገየ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የቢሮዬ ስልክ ጮኸ፤ እትዬ ናቸው። «ልጄ፣ ዲስኬን እስካሁን አላመጡልኝም፤ ልዘጋ ነው። ያን የኮሃውን ልጅ ጥራልኝ።»